“ክርስቶስ ይምራን”፦ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክና አሠራር



እዚህ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስናወራ ስለ ላስታ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አነሣሁ። አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ “ፓስተር፣ ይሄ እኮ የኦርቶዶክሶች ታሪክ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?” አለኝ። ልጁ በቅንነት ነው የጠየቀው። ብዙዎቻችን ጮክ ብለን አንናገረው እንጂ በልባችን የምንይዘው ጥያቄም ነው። በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ አጭር ስለ ነበረ ሳያረካኝ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ አንዲት ቤተ ክርስቲያን መርጬ ታሪኳንና አሠራሯን በሚገባ ላስረዳችሁ፣ ከዚያም በመጨረሻ ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልመለስ ወድጃለሁ።

የመረጥኩት ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸውን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት የታነጸችውንና ብዙ ሰው የማያውቃትን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምትገኝበት ስፍራ

ይምርሐነ ክርስቶስ የምትገኘው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ምድር ነው። ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን በኩል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መኪናው የሚሄደው በቢልባላ በኩል ዞሮ ስለ ሆነ ግን ጉዞው ከዚያ ይረዝማል። የመኪና መንገድ ሳይወጣ በፊት ሰዎች በእግር ወይም በበቅሎ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ነበር የሚደርሱባት። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አቀበት ላይ ነው።

ከጦርነቱ ዓመታት በፊት ከሁለት የአገልግሎት ባልደረቦቼ ጋር ወደዚያ ሄጄ ነበር። ከመኪና ወርዳችሁ በትልልቅ የጥድ ዛፎች መካከል ሽቅብ ትወጣላችሁ። አካባቢው ዛፍ የተራቆተ ተራራ ሲሆን ይህ ጫካ ግን ሳይነካ የቆየው የቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነው። ከፊታችሁ አንድ ትልቅ ዋሻ አፉን ከፍቶ ታገኛላችሁ። የዋሻው አፍ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በተሠራ የግንብ አጥር ስለ ተዘጋ ከውጭ ሲያዩት ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በሩን አልፋችሁ ስትገቡና ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ነው፣ ነጭና ጥቁር መስመር ያላት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን በዋሻው ውስጥ ቆማ የምትታያችሁ።

ልብ በሉ፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለች አይደለችም። በድንጋይና በእንጨት የተገነባች ናት፤ ዋሻው መጠለያዋ ነው። ዝናብም ሆነ ፀሐይ አይነካትም። ስምንትና ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ኖራ እንጨቷ እንኳ ሳይበሰብስ ለዛሬ የደረሰችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ማን ነበር?

“ይምርሐነ ክርስቶስ” የግእዝ ቃል ሲሆን ትርጉሙ “ክርስቶስ ይምራን” ማለት ነው። ስሙ የንጉሥ ስም ነው። የአክሱም መንግሥት ከወደቀ በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ የነገሡት የዛግዌ ነገሥታት ይባላሉ፤ መቀመጫቸውም ላስታ ነበር። ከእነዚህ ነገሥታት መካከል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስነት የምታስባቸው አራት አሉ፤ እነርሱም ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም የተባለው ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ የነገሠው ከላሊበላ በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ብዙውን ጊዜ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት ትባላለች፤ ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን የሚያስጠጓት ተመራማሪዎችም አሉ።

ስለዚህ ንጉሥ ሕይወት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስ ከተባለው የግእዝ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ንጉሡ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደ ዓይን ምስክር ቃል መውሰድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ገድሉም ሆነ የአካባቢው ትውፊት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ንጉሡ ካህንም ነበር። ለ40 ዓመት እንደ ነገሠም ይተርካሉ።

መጽሐፍ ቅዱስን የምናጠና ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ማለታችን አይቀርም። በብሉይ ኪዳን ንጉሥነትና ክህነት የተለያዩ ነበሩ፤ ንጉሡ ዖዝያን በድፍረት ዕጣን ሊያጥን በገባ ጊዜ በለምጽ ተመታ (2ኛ ዜና 26፥16-21)። መልከ ጼዴቅ ግን ንጉሥም ካህንም ነበር (ዘፍ. 14፥18)፤ የዕብራውያን ጸሐፊም ይህንን ወስዶ ስለ ክርስቶስ ያስተምረናል። የላስታው ንጉሥ የራሱን ቦታ እንዴት ይረዳው እንደ ነበረ እኔ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን አንድ ንጉሥ “እኔ ልምራችሁ” ማለት ሲችል “ክርስቶስ ይምራን” የሚል ስም ይዞ መንገሡ፣ ለማንኛውም ዘመን መሪ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የዛግዌ ዘመን ያበቃው በ1270 ይኩኖ አምላክ በነገሠ ጊዜ ነው። ከዚያ ከ250 ዓመት በኋላ፣ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ወደ ላስታ መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ጎብኝቷል። በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ የአገሩ ሰዎች እንዳያምኑት ፈርቶ እንደ ነበረ ይናገራል። በዋሻ ውስጥ ስላለችው ስለ ይምርሐነ ክርስቶስም ጽፏል። ስለዚህ ያን ጊዜም ቢሆን ስፍራው የታወቀና የተከበረ ነበር ማለት ነው።

የግድግዳው አሠራር

አሁን ወደ ሕንጻው እንምጣ። ግድግዳውን ስታዩት በመጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው በመስመሮቹ ላይ ነው። አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ ደግሞ እንጨት፣ ደግሞ ድንጋይ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። ግድግዳው ቀጥ ያለም አይደለም። አንዱ ክፍል ወደ ውጭ ወጣ፣ ቀጣዩ ወደ ውስጥ ገባ እያለ ነው የሚሄደው።

ይህ አሠራር ለውበት ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ሲሚንቶም ብረትም በግንብ ውስጥ አይገባም ነበር። ድንጋዩ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ነገር ደካማ ስለ ነበረ፣ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር የመሰንጠቅና የመናድ አደጋ ነበረው። ስለዚህ ግንበኞቹ በየረድፉ ረጃጅም ጠርቦችን አጋድመው አስገቡ። እንጨቱ ድንጋዩን ያስራል፣ ክብደቱንም ለግድግዳው ሁሉ ያካፍላል፤ መሬት ሲንቀሳቀስም ግድግዳው አብሮ ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። ገባ ወጣ ማለቱ ደግሞ እንደ ተጣጠፈ ወረቀት ግድግዳውን ጽኑ ያደርገዋል። በጭቃ ቤት ያደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም፤ ማገር የሌለው የጭቃ ግድግዳ እንደማይቆም ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ በሐዋሳ የሚሠሩት ሕንጻዎች በብሎኬቱ መካከል የሚያልፍ ብረት ያለበት የኮንክሪት ማሰሪያ አላቸው፤ የይምርሐነ ክርስቶስ እንጨት ይሠራ የነበረው ያንኑ ሥራ ነው።

ይህ ጥበብ የተወረሰው ከአክሱም ነው። በትግራይ በገመድ የሚወጣባት የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ዘዴ የተሠራች ናት። በእርስዋ ግድግዳ ላይ የእንጨቶቹ ጫፎች ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ እነዚህም “የዝንጀሮ ራስ” ይባላሉ። የአክሱም ሐውልቶችን ያየ ሰው ደግሞ፣ ለምሳሌ ወደ ሮም ተወስዶ ቆይቶ በ2005 የተመለሰውንና በ2008 ተመልሶ የቆመውን፣ ይኸው የእንጨት ጫፍ በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ያገኘዋል። ይህ ማለት ሐውልቶቹ ከቤት አሠራር የተቀዱ፣ በድንጋይ የተቀረጹ የፎቆች ምስሎች ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ የአክሱም መንግሥት ከወደቀ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ ብትታነጽም፣ ግንበኞቿ የአባቶቻቸውን ሙያ አልረሱም ነበር።

ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የሚያስደስት ሌላም ነገር አለ። ሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ውስጠኛ አደባባይ ሲሠራ በሦስት ተራ የተጠረበ ድንጋይና በአንድ ተራ የዝግባ እንጨት እንደ ሠራው ተጽፏል (1ኛ ነገ. 6፥36፤ 7፥12)። ከምርኮ በኋላ ቤተ መቅደሱ እንደገና እንዲታነጽ ቂሮስ ባዘዘ ጊዜም የድንጋዩና የእንጨቱ ተራ በቁጥር ተገልጿል (ዕዝ. 6፥4)። እነዚህን ጥቅሶች ብዙ ጊዜ አንብቤአቸው ነበር፤ ምን ማለት እንደ ሆነ በዓይነ ኅሊናዬ የታየኝ ግን በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ስቆም ነው። ይህን ስል ላስታዎች ከሰሎሞን ገልብጠዋል ማለቴ አይደለም። ድንጋይን በእንጨት ማሰር በጥንቱ ዓለም በብዙ አገር የታወቀ ሙያ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ግድግዳ የሚመስል ግድግዳ በአገራችን ዛሬም ቆሞ መገኘቱ ትልቅ ጸጋ ነው።

ውስጧ ምን ይመስላል?

ቤተ ክርስቲያኒቱ ትንሽ ናት። የዛሬ አዳራሾቻችንን ለለመደ ሰው በጣም ጠባብ ትመስለዋለች። ዕቅዷ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ምሥራቅ የዞረ ነው። ውስጧ በምሰሶዎችና በቅስቶች ለሦስት ተከፍሏል፤ መካከለኛው ክፍል ሰፋና ከፍ ያለ ሲሆን ግራና ቀኙ ጠበብ ይላሉ። በምሥራቅ ጫፍ መቅደሱ አለ፤ ታቦቱ የሚያርፍበትና ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት ክፍል ነው። ከመቅደሱ በላይ ክብ ጉልላት ተሠርቷል። በመካከለኛው ክፍል ላይ ደግሞ ጣሪያው እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ሁለት ያዘነበለ ሲሆን፣ የተሸከሙትን እንጨቶች ከታች ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የሚያስገርመው ኮርኒሱ ነው። እንጨቱ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ተቀርጾና በቀለም ተቀብቶ፣ መስቀሎችና የተጠላለፉ ሐረጎች ተሠርተውበታል። በየቦታው የአእዋፍና የእንስሳት ሥዕሎች አሉ። በግድግዳው ላይ ከሚታዩት ሥዕሎች መካከል በኢትዮጵያ እስካሁን ከተረፉት እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት የሚቆጠሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በዕድሜና በጢስ ደብዝዘዋል። መስኮቶቹ መስተዋት የላቸውም። በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ የእንጨትና የድንጋይ መከለያ ነው ያላቸው፤ ብርሃኑ በመስቀሉ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ራሱ ጨለማ ስለ ሆነ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን በጣም ጥቂት ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው ዋሻው ቀድሞ ውኃ የነበረበት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም የቆመችው በውኃው ላይ በተነጠፈ እንጨት፣ አፈርና ድንጋይ ላይ ነው። ያስጎበኙን ካህን ይህንኑ ነገሩን። ከቤተ ክርስቲያኒቱ አጠገብ በዚያው ዋሻ ውስጥ ሌላ ሕንጻ አለ፤ የንጉሡ መኖሪያ ነበር ይባላል።

ከዋሻው በስተ ጀርባ ስትሄዱ ደግሞ ልብን ዝም የሚያሰኝ ነገር ታያላችሁ። የብዙ ሰዎች አስከሬን በግልጽ ተጋድሟል። አንዳንዱ አጥንት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቆዳው ደርቆ እንዳለ አለ። ከሩቅ አገር ጭምር ለመሳለም መጥተው በዚያ መሞትን የመረጡ ሰዎች መሆናቸውንና ቁጥራቸውም በሺህ እንደሚቆጠር ካህናቱ ይናገራሉ። እኛ ሦስታችን እዚያ ስንደርስ ወሬያችንን አቆምን። በክርስቶስ የሞቱት እንደሚነሡ በየቀብሩ እሰብካለሁ (1ኛ ተሰ. 4፥16)፤ ያን ቀን ግን ስብከቴ ከመቃብር አፈር በላይ ፊት ለፊቴ ተጋድሞ ያየሁት ያህል ተሰማኝ።

ከይምርሐነ ክርስቶስ ወደ ላሊበላ

ይህችን ቤተ ክርስቲያን የተረዳ ሰው ላሊበላን በሌላ ዓይን ያያታል። በላሊበላ ያሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በትውፊት የሚሰጡት ለንጉሥ ላሊበላ ሲሆን፣ እርሱም በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ ነው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲጀምር በመጀመሪያ ካሰፈራቸው 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነዋል። ከእነርሱ መካከል ቤተ አማኑኤልን ብትመለከቱ፣ ግድግዳዋ ልክ እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ገባ ወጣ ያለና በአግድም መስመሮች የተከፋፈለ ነው። ነገር ግን እንጨት የለበትም፤ ሁሉም አንድ አለት ነው። አለት ማሰሪያ አያስፈልገውም። ታዲያ መስመሩ ለምን ተቀረጸ? ጠራቢዎቹ “ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው የምትመስለው” ብለው ከአባቶቻቸው ስለ ተቀበሉ ነው። በይምርሐነ ክርስቶስ ለጥንካሬ የገባው እንጨት በላሊበላ የመታሰቢያ መልክ ሆነ።

በዚያው ክፍለ ዘመን በአውሮፓም ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ይታነጹ ነበር። የፓሪሱ ኖትር ዳም በ1163 ነው የተጀመረው። የእርሱም ጣሪያ ከጥንታዊ እንጨት የተሠራ ነበረ፤ በ2019 በአንድ ምሽት ተቃጠለ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ተሠርቶም በ2024 መጨረሻ እንደገና ተከፈተ። ለዚያ ሥራ ከዓለም ዙሪያ ገንዘብ ጎረፈ። በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው እንጨት ግን አንድ የሻማ እሳት ቢነካው የሚያድነው ሰውና መሣሪያ ከየት ይመጣል? ላሊበላና አካባቢዋ በ2021 በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ከ2023 ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት ወደ ላስታም ደርሷል። ጎብኚ ሲቀር የሚራቡት አስጎብኚዎችና ባለ ሆቴሎች ብቻ አይደሉም፤ ቅርሱን የሚጠብቁት ካህናትና የአካባቢው ገበሬዎችም ናቸው። ይህንን በጸሎታችን ማሰብ ይገባናል።

ታዲያ እኛን ምን ያገባናል?

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልመለስ። የእምነት ልዩነታችንን ልሸፋፍን አልፈልግም። ስለ ታቦት፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃና ስለ ገድላት ያለን አቋም ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የተለየ ነው፤ እግዚአብሔርም የሰው እጅ በሠራው ቤት እንደማይወሰን እናምናለን (ሐዋ. 7፥48)። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ያገባናል የምልባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉኝ።

1. ቃሉ የደረሰን በእነዚህ ቤቶች በኩል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ ከተተረጎመ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በብራና ላይ እየተገለበጠ የተጠበቀው እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ነው። በአማርኛ መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ የተተረጎመው በአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እጅ ነው። አቡ ሩሚ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ ሆኖ ለዓመታት ደክሞ ተረጎመው፣ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 ታተመ። አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘን “ወንጌል” ስንል የእነዚያ አባቶች ድካም በእጃችን ላይ አለ። የወንጌላውያን ታሪክ በደቡብ ኢትዮጵያ የጀመረው ሚስዮናውያን በ1928 ወላይታ ሲገቡ ሊሆን ይችላል፤ የክርስቶስ ስም በዚህች ምድር ከተጠራ ግን ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል።

2. ያልጠበቅነውን ታሪክ ራሳችን እያጠፋን ነው። ይህን የምለው ራሴን እየወቀስኩ ነው። ከዓመታት በፊት ባገለገልኩበት አጥቢያ አዲስ አዳራሽ ልንሠራ የድሮዋን የጭቃ ቤት አፈረስናት። ግድግዳዋ ተሰንጥቆ ነበር፣ ቆርቆሮዋም ያፈስ ነበር፤ መፍረሷ ተገቢ ነው ብለን ሁላችንም ተስማማን፣ እኔም ድጋፌን ሰጠሁ። በደርግ ዘመን ምእመናን ተደብቀው የጸለዩባት ቤት ነበረች። በማፍረሱ ማግስት በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት መጥተው ፍርስራሹ አጠገብ ቆሙ። “ልጄ፣ መካከለኛው ምሰሶ የት አለ?” አሉኝ። ለማገዶ ተሽጧል አልኳቸው። “ባለቤቴ ነበር በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው። በእርሱ ምክንያት ነው የታሰረው” አሉኝና ሄዱ። ከዚያች ቤት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላስቀረንም። ማን እንደ ሠራት፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራች፣ ማን ገንዘብ እንዳዋጣ የተጻፈ ነገር የለንም። የላስታ ሰዎች የአንድ ንጉሥን እንጨት ስምንት መቶ ዓመት ጠበቁ፤ እኛ የአንድ እስረኛን ምሰሶ ሃምሳ ዓመት መጠበቅ አቃተን።

3. ሕንጻ ምስክርነት ይሰጣል። መዝሙረኛው ሕዝቡን በጽዮን ዙሪያ እንዲዞሩ፣ ግንቦችዋን እንዲቆጥሩና ለሚመጣው ትውልድ እንዲናገሩ ይጋብዛል (መዝ. 48፥12-13)። ኢያሱም ከዮርዳኖስ የተወሰዱትን 12 ድንጋዮች ያቆመው ልጆች ወደ ፊት “እነዚህ ድንጋዮች ምንድር ናቸው?” ብለው እንዲጠይቁ ነው (ኢያ. 4፥6)። ድንጋዩ አያድንም፤ ነገር ግን ጥያቄ ያስነሣል፣ ጥያቄውም ለምስክርነት በር ይከፍታል። ልጆቻችን የሚጠይቁት ነገር ካላስቀመጥንላቸው የምንመልስላቸውም አይኖረንም።

ምን እናድርግ?

በተግባር ልንጀምራቸው የምንችላቸው ቀላል ነገሮች አሉ። በየአጥቢያው አንድ ደብተር ይከፈት፤ ቤተ ክርስቲያኑ መቼ እንደ ተጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ አማኞች እነማን እንደ ነበሩ፣ መሬቱ እንዴት እንደ ተገኘ ይጻፍ። በሲዳምኛ የተዘመሩ የጥንት መዝሙሮችን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት እያሉ ድምፃቸው ይቀረጽ። ዛሬ ለዚህ የሚሆን ስልክ በየወጣቱ ኪስ አለ። አሮጌ ቤት መፍረስ ካለበት አስቀድሞ በውጭም በውስጥም ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቢቻል አንድ ምሰሶ ወይም አንድ በር በአዲሱ ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

ወደ ላስታ የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ደግሞ፣ ሰላሙ ሲፈቅድ፣ በትሕትና ይሂድ። ጫማውን ያውልቅ፤ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ካህኑን ይጠይቅ፤ ሥዕሎቹን በእጁ አይንካ። ሊከራከር ሳይሆን ሊማር ይሂድ። እኛን ያስጎበኙን አዛውንት ካህን ጴንጤዎች መሆናችንን ሲያውቁ ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው፣ “እናንተም ከእርሱ ወገን ከሆናችሁ ግቡ” ነበር ያሉን። ከዚያም የኮርኒሱን እያንዳንዱን መስቀል በጧፍ ብርሃን እየጠቆሙ፣ ሳይቸኩሉ አሳዩን። በእኛ አዳራሽ እንግዳ ሆነው ቢመጡ እኔ እንዲያ አድርጌ እቀበላቸው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ።

ለዚያ ወጣት ወንድሜ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፤ ያገባናል። እኛ ዛሬ መጥተን ነገ የምናልፍ ነን፤ ከእኛ በፊት በዚህች ምድር ክርስቶስን የጠሩ ብዙዎች ነበሩ፣ ከእኛ በኋላም ይኖራሉ። ያ ንጉሥ ዙፋኑ ጠፍቷል፣ መንግሥቱም ፈርሷል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በዋሻው ውስጥ ጸሎት ሆኖ ይሰማል። የኦርቶዶክሱም የወንጌላዊውም ሰው ያለ ክርክር አሜን ሊለው የሚችል ጸሎት ነው፦ ክርስቶስ ይምራን።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።